የቤታችን ማዝጋን ሲያረጅ፦ ማስጠገን ወይስ መለወጥ?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በአማርኛ ሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

  የዛሬው ንግግራችን የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣን የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳያውቁ ከገቡበት የቤተሰብን የብዙ ወር ቁጠባ የሚበላ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ስለሆነ በጥሞና እንድትከታተሉን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ብዙዎቻችን የመጣነው ከጎንደርና ከአካባቢው ነው፤ ብዙ ዓመት በአዲስ አበባ ጠብቀን የመጣንም አለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ቢመጣ ጋቢ አለ፣ ምድጃ አለ፤ ፀሐይ ቢበረታ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው። ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ማሽን መግዛት የሚባል ሐሳብ አልነበረንም። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአገር ቤት ሐምሌ ማለት ዝናብና ብርድ ነው፤ እዚህ ሐምሌ የሙቀቱ ጫፍ ነው። በቤርሼባና በኔቲቮት ደረቅ ሐሩር አለ፤ በኔታኒያና በአሽዶድ ደግሞ ከባሕሩ የተነሣ ሰውነትን በላብ የሚያጠምቅ ወበቅ አለ። በኢየሩሳሌምና በጽፋት የክረምቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። በ1991 እ.ኤ.አ. በሰሎሞን ዘመቻ መጥተው በካራቫን ሰፈር የኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ ማዝጋን እዚህ አገር የሀብታም ዕቃ አይደለም፤ በተለይ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ላለበት ቤት የግድ የሚያስፈልግ ነው።

አዲስ ገቢ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው። በተከራዩት ወይም በገዙት ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ማዝጋን ተሰቅሎ ይገኛል። አንድ በጋ ይሠራል፣ በሁለተኛው ይደክማል። ከዚያ በኋላ አንዱ «አስጠግኑት» ይላል፣ ሌላው «ጣሉትና አዲስ ግዙ» ይላል፣ ሦስተኛው በስልክ ደውሎ «ዛሬውኑ ካልገዛችሁ ዋጋው ይጨምራል» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከመቸኮል በፊት ነገሩን በቅደም ተከተል ማየት ይበጃል።

በቅድሚያ፣ በእርግጥ ተበላሽቷል ወይ?

ቴክናይ ከመጥራታችሁ በፊት ራሳችሁ ልታዩአቸው የምትችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሪሞቱ ባትሪ አልቆ እንደሆነ ለውጡት። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ካለ ማሞቂያ ነው፣ የበረዶ ምልክት ካለ ማቀዝቀዣ ነው፤ ልጆች ሲጫወቱ ቀይረውት ይሆናል። ሁለተኛ፣ በሉዋሕ ሐሽማሉ ላይ የማዝጋኑ ማፍሴክ ወርዶ እንደሆነ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ቢወርድ መመለስ ይቻላል፤ እየደጋገመ የሚወርድ ከሆነ ግን እየደጋገማችሁ አትመልሱት፣ ሐሽማላይ ጥሩ። ሦስተኛ፣ የማዝጋኑን የፊት ክዳን ከፍታችሁ ማጣሪያውን አውጡት። አቧራ ከደፈነው አየር አያልፍም፣ ማሽኑም ያለ ጥቅም መብራት ይበላል። ማጣሪያውን በውኃ አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ መመለስ ነው። ማዝጋኑ በሚሠራበት ወራት በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይህን ብታደርጉ ዕድሜው ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሠራ ቴክናይ ይጠራል። እዚህ ላይ ሁላችሁም እንድታውቁት የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር አለ፤ የማዝጋን ጋዝ እንደ ወጥ ቤት ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል። ጋዙ ጎድሏል ከተባለ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ በየበጋው መጥቶ ጋዝ ሞልቶ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ችግሩን አላስወገደም። «ኔዚላው የት ነው? ትደፍነዋለህ ወይ? ለሥራህስ አሐራዩት ትሰጣለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። በዕብራይስጥ ለመጠየቅ የሚቸገር ሰው ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ አስጽፎ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ማስጠገን መቼ ነው፣ መለወጥ መቼ ነው?

ማዝጋኑ ዕድሜው ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በታች ከሆነና የተበላሸው ትንሽ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ካባል የሚሉት ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ፣ ወይም የውኃው መውረጃ ቱቦ መደፈን፣ ማስጠገኑ ያዋጣል። ዕድሜው ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ሆኖ ኮምፕሬሰሩ የሞተ ከሆነ ግን ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ ለአዲሱ መግዣ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ጊዜ መለወጥ ይሻላል። በጣም አሮጌ ማዝጋኖች የሚሠሩት ኤር-22 በሚባል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ስምምነትና በኋላ በተጨመሩለት ማሻሻያዎች መሠረት ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። የማዝጋናችሁ ጽሑፍ ኤር-22 የሚል ከሆነ ብዙ ገንዘብ አታፍሱበት።

ትልቅ ወጪ ከተነገራችሁ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። ሁለተኛ ቴክናይ አስመርምሩ። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ሺዎች ሊያድን ይችላል።

ምን ዓይነት እንግዛ?

ለማቀዝቀዝ ሦስት መንገድ አለ። ማራገቢያ በዋጋም በመብራትም ርካሽ ነው፤ ግን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ላባችንን ያደርቃል እንጂ። በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ አየሩ ደረቅ በሆነበት በኔጌቭ ጥቂት ይረዳል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ግን ወበቅ ላይ ወበቅ ይጨምራል። በትክክል የሚያቀዘቅዘው ማዝጋን ነው። በጎማ የሚሽከረከረውና ቱቦው በመስኮት የሚወጣው ማዝጋን ግድግዳ መብሳት ለማይችል ተከራይ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ አየሩን ወደ ውጭ ሲያስወጣ በምትኩ ትኩስ አየር በበርና በመስኮት ቀዳዳ ስለሚገባ፣ በግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ይልቅ መብራት ያባክናል፣ ድምፁም ይረብሻል።

በማሞቅ በኩል ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሱቅ ውስጥ ትንሿ ባለ ቀይ ሽቦ ማሞቂያ ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነች ወጪዋም ትንሽ ይመስላል። እስቲ በሒሳብ እንየው። 2,000 ዋት የሆነ ማሞቂያ በየሌሊቱ ለ6 ሰዓት ቢበራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ30 ሌሊት 360 ይሆናል። ማዝጋን ግን ሙቀትን ራሱ አይፈጥርም፣ ከውጭ አየር ሰብስቦ ያስገባል እንጂ። ስለዚህ ጥሩ ማዝጋን ለሚበላው ለአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ያንኑ ሙቀት ለመስጠት በ30 ሌሊት 120 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። የመብራት ደረሰኛችሁ ላይ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ተጽፏል፤ ልዩነቱን በ240 አባዝታችሁ ተመልከቱ። ርካሿ ማሞቂያ በጥቂት ክረምት ውስጥ ከማዝጋኑ በላይ ታስከፍላለች።

በኢየሩሳሌም፣ በጽፋትና በጎላን ለምትኖሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በጣም በቀዘቀዘ ሌሊት የውጩ ማሽን በረዶ ስለሚይዝ ማዝጋኑ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ በረዶውን ያቀልጣል፣ ከዚያም ይመለሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። ስትገዙ ግን የምትኖሩበት ከተማ ብርዳም መሆኑን ለሻጩ ንገሩት፤ ሁሉም ማዝጋን ለብርድ አገር እኩል አይሆንም።

ኢንቨርተር የሚሉት ዓይነት ደግሞ ሞተሩ እንደ አሮጌዎቹ በሙሉ ኃይል ተነሥቶ የሚጠፋ ሳይሆን፣ እንደ ክፍሉ ሙቀት ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ነው። ሲገዛ ጥቂት ይወደዳል፤ ብዙ ሰዓት ለሚያበራ ቤተሰብ ግን ከመብራቱ ይመልሰዋል። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የኃይል ደረጃም እዩ፤ በላቲን ፊደል መጀመሪያ የሚመጣው «ኤ» የተሻለው ነው።

መጠኑስ?

ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከክፍሉ በላይ የሆነ ማዝጋን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ወበቁን ግን በደንብ አያወጣም፤ ያነሰውም ሌት ተቀን ሲለፋ ኖሮ ቶሎ ያረጃል። የማዝጋን ጉልበት በቢ.ቲ.ዩ. ይለካል። በግምት ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢ.ቲ.ዩ. ብላችሁ አስቡ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መኝታ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው፤ 7,200 ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ 9,000 የሚባለው ይበቃዋል። 25 ካሬ ሜትር የሆነ ሳሎን 15,000 ገደማ ይፈልጋል። ቤታችሁ ከጣራው በታች ያለው የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ፣ ወይም መስኮቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ጥቂት ጨምሩ። ሻጭ «ሁለት ኮአሕ ሱስ ነው» ቢላችሁ በዚያ ብቻ አትረኩ፤ የቢ.ቲ.ዩ. ቁጥሩን በጽሑፍ ጠይቁ።

የቤቱ መብራት ይችለዋል ወይ?

በአሮጌ ሕንፃዎች ወደ ቤት የሚገባው መብራት 25 አምፔር ብቻ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። መብራቱ 230 ቮልት ስለሆነ ይህ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5,750 ዋት በላይ አይችልም። የውኃ ማሞቂያው ዱድ 2,500፣ አንድ ማሞቂያ 2,000፣ ውኃ ማፍያው 2,000 ቢሆኑ 6,500 ይሆናል፤ ዋናው ማፍሴክም ይወርዳል። ስለዚህ ዱዱ ሲበራ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው። ማዝጋን ሲገባ ከሉዋሕ ሐሽማሉ የራሱ መስመርና የራሱ ማፍሴክ እንዲሠራለት ጠይቁ። በማራዘሚያ ሽቦ፣ ሦስት አራት ዕቃ በተሰካበት ሶኬት ማዝጋን ወይም ማሞቂያ መሰካት እሳት መጥራት ነው። የ1954 የመብራት ሕግ የመብራት ሥራ ፈቃድ ባለው ሐሽማላይ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። «እኔ አውቃለሁ» የሚል ጎረቤት ቢረዳ ደስ ይላል፤ ፈቃድ ከሌለው ግን አመስግናችሁ ተዉት።

ተከራዮች ከመግዛታችሁ በፊት

ማዝጋኑ ከቤቱ ጋር የተከራያችሁት ከሆነ በራሳችሁ ገንዘብ ለመለወጥ አትቸኩሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የኪራይ ሕግ፣ ጉድለቱ ከተከራዩ አያያዝ የመጣ ካልሆነ አከራዩ ከተነገረው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል፣ ቤቱን መኖሪያ የማያደርግ አስቸኳይ ጉድለት ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል ያዛል። ስለዚህ በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ንገሩት፤ በስልክ መልእክትም ይሁን በደብዳቤ፣ ቀኑ የሚታይ ይሁን። ማዝጋኑ በኪራይ ውሉ ላይ መጻፉንም ተመልከቱ። በመንግሥት ቤት ወይም በመርካዝ ክሊታ የምትኖሩ ደግሞ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ከአስተዳደሩ ፈቃድ ጠይቁ። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያላችሁ የውጩ ማሽን የሚሰቀልበትን ቦታ ለቫአድ ባይት አሳውቁ፤ ውኃው በጎረቤት በረንዳ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ድምፁም በጎረቤት መኝታ መስኮት አጠገብ እንዳይሆን። ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖር ከማዝጋን ይበልጣል።

ስንገዛና ስንፈርም

ዋጋ ስትጠይቁ የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የማስገጠሚያውን፣ የቧንቧውን፣ የብረት መስቀያውን፣ አሮጌውን የማውረጃውን ዋጋ ሁሉ ጨምሮ በአንድ ወረቀት እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ርካሽ የመሰለው ዕቃ መግጠሚያው ሲጨመር ውድ ይሆናል። በታሽሉሚም የምትከፍሉ ከሆነ የወሩን ክፍያ ብቻ አትዩ፤ በወሩ ቁጥር አባዙትና ጠቅላላውን እወቁ። ሔሽቦኒቱንና የአሐራዩቱን ወረቀት በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። በሕጉ መሠረት ለቤት የመብራት ዕቃ አምራቹ ወይም አስመጪው ቢያንስ የአንድ ዓመት አሐራዩት ይሰጣል።

ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል አለን። ዕብራይስጥ ቶሎ የለመዱት ልጆቻችን ናቸውና የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይዞ ሱቅ ሄዶ ማስተርጎም ተለምዷል። ልጅ ቃሉን ይተረጉም ይሆናል፣ የውሉን ክብደት ግን አያውቅም፤ ነገሩ ሲበላሽም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ይህን ሸክም ከልጅ ላይ አንሡለት። የሚያውቅ ዘመድ፣ ቀደም ብሎ የገባ ጎረቤት ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ። ወረቀቱን ወደ ቤት መውሰድ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

መብታችሁንም እወቁ። የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም ቤት ድረስ መጥቶ የሸጠላችሁን ነጋዴ ውል በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። የኦሌ ወረቀቱን ከተቀበለ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ግን፣ ሽያጩ ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ፣ አራት ወር ድረስ ሊሰርዙ ይችላሉ። ዕቃው ጉድለት ባይኖረውም እንኳ ሻጩ የሚይዘው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው ከመቶ አምስት እጅ ወይም ከ100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ አይበልጥም። ሱቅ ሄዳችሁ የገዛችሁት ከሆነ ግን ጊዜው 14 ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ዕቃው ካልተጎዳና ከመብራት ጋር ካልተገናኘ ነው። ስለዚህ ያልወደዳችሁትን ዕቃ ሳታስገጥሙ ቶሎ አስታውቁ፤ የምታስታውቁትም በጽሑፍ ይሁን።

ከመብራት ክፍያ የሚቀነስላቸው ቤተሰቦችም አሉ። የገቢ ማሟያ የሚቀበሉ አረጋውያን ከቢቱዋሕ ሌኡሚ በዓመት የማሞቂያ ድጎማ፣ በመብራት ደረሰኝም ላይ ቅናሽ አላቸው። አባት እናቶቻችን መብታቸው ሳይነገራቸው እንዳይቀር ልጆች ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁላቸው።

ስለ ሰንበት

ሰንበትን በአባቶቻችን ሥርዓት የምንጠብቅ ሰዎች ማዝጋኑ ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ተዘጋጅቶ ራሱ እንዲሠራ እንፈልጋለን። አዳዲስ ማዝጋኖች በውስጣቸው ሰዓት አላቸው። በግድግዳ ላይ የሚሰካ የሻባት ሰዓት የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማዝጋኑ ራሱ ይነሣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማይነሣ ዓይነት አለና። ሰዓቱም ለማዝጋን የሚሆን 16 አምፔር መሆን አለበት። የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በተመለከተ ቄሶቻችንን ወይም የአካባቢያችሁን ረቢ ጠይቁ። ባለ ቀይ ሽቦ ማሞቂያን ግን በሻባት ሰዓት አስራችሁ አትተኙ፤ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ራሱ ይበራል፣ ብርድ ልብስ ወድቆበት ቢሆንስ? ማሞቂያ የግድ ከሆነ በዘይት የሚሠራው ራዲያተር ይሻላል፤ እሱም ከመጋረጃ፣ ከጋቢና ከአልጋ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ልብስም አይሰጣበት።

ከሁሉ በላይ፣ ስለ ከሰል

በመጨረሻ የምንናገረው ከማንኛውም ዋጋ የሚበልጥ ነገር ነው። በአገር ቤት ከሰል አንድደን ከበን ስንሞቅ የሣር ክዳኑና የግድግዳው ቀዳዳ አየር ያሳልፍ ነበር። እዚህ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፣ ድርግም ብሎ ይዘጋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ከሰል፣ ቢፈምም፣ ጭሱ ቢጠፋም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት እስከ ወዲያኛው ያሸልባል። የወጥ ቤቱን ጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ ማብራትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ቡና በከሰል የምታፈሉ እናቶቻችን፣ መስኮት ክፈቱ፤ ቡናው ሲያበቃ ከሰሉን ውጭ አውጡት፤ ከፍሙ ጋር ማንም አይተኛ። በቤት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ መስኮትና በር ከፍታችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡና በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ። እሳት ከተነሣ 102 ነው፤ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ካያችሁ አትንኩት፣ 103 ደውሉ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በትልቁ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ ለልጆችም፣ ለአያቶችም አሳዩአቸው።

ውድ አድማጮች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። አዲስ ማዝጋን የምትለውጡበት ምርጡ ጊዜ ሙቀቱም ብርዱም ያልበረታበት፣ ከፋሲካ በፊት ወይም ከሱኮት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቴክናዮቹ አይጣደፉም፣ እናንተም አትጨነቁም። በቂ ገንዘብ ከሌላችሁ ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ አታድርጉ፤ ሕፃናትና ሽማግሌ ከሚተኙበት ክፍል ጀምሩ። በበጋ 24 ወይም 25 ላይ፣ በክረምት 20 ወይም 21 ላይ አድርጋችሁ፣ ትሪሱን ቀን ዘግታችሁ ተጠቀሙበት።

 የቤታችሁን ሙቀትና ሰላም አምላክ ይጠብቅላችሁ።